እግሩን ሲያመው ክንዱን ወጉት

እኔ እንደማውቀው ሰው እግሩን ሲያመው የሚታየው እግሩ ነው። ዘንድሮ ግን ሌላ ሆነ። የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሰኞ ማታ «ዳሌዬን» አለ፤ ማክሰኞ ጠዋት እግሬን መሬት አላስነካም ብሎ አልጋው ላይ ቀረ። ሐኪም ቤት ሲወሰድ ምኑን ቢወጉት ጥሩ ነው? ክንዱን!

ወለምታ መሆኑን እኔ አንዴ አይቼ ጨርሼ ነበር። እሁድ ከአጥር ላይ ሲዘል በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወጌሻው ያለው ሁለት ቤት አልፎ ነው፤ አውራ ጣቱ ደግሞ ከራጅ አይተናነስም። ለማሻው ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ በጡረታዬ ገዝቼ ስመለስ፣ ልጄ ልጁን አዝላ ከበር ስትወጣ ተገናኘን። «አባዬ፣ ትኩሳቱ 39 ገብቷል» አለችኝ። በኛ ጊዜ ትኩሳት የሚለካው በእጅ መዳፍ ነበር፤ ባትሪም አያልቅበትም። «ለወለምታ ሐኪም ቤት!» እያልኩ ቅቤዬን እንደያዝኩ ተከተልኳት።

የተቀበለን ሐኪም ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። «አባት፣ ፌስታሉ ውስጥ ምንድነው?» አለኝ። «ቅቤ።» ምንም አላለም። የልጁን ዳሌ ቀስ አድርጎ ሊያዞር ሲል ልጁ ግቢውን በጩኸት ሞላው። ራጅ ተነሣ፤ ራጁ ንጹሕ። «ይኸው!» አልኩ። «አባት፣ አጥንት ውስጥ ኢንፌክሽን ቢኖር እንኳ ራጅ ላይ እስኪታይ ከ10 እስከ 14 ቀን ሊፈጅ ይችላል» አለኝ። እንግዲህ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ለሚናገር ማሽን ከፈልን ማለት ነው።

ከዚያ ደም። ለነጭ የደም ሴል አንድ ቱቦ፣ ለኢኤስአር አንድ፣ ለሲአርፒ አንድ፣ ለካልቸር ደግሞ ራሱን የቻለ ጠርሙስ። ያን ከሲታ ልጅ! ላብራቶሪው ድረስ ተከትዬ ገባሁ፤ አስወጡኝ፤ በመስኮት አየሁ። ኢኤስአር የሚሉት ጉድ ደሙን ቀጭን ቱቦ ውስጥ አቁሞ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው። ቀዩ ይዘቅጣል፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ይጻፋል። ሰውነት ውስጥ ብግነት ካለ ቀይ ሴሎቹ እየተደራረቡ ቶሎ ይወርዳሉ አሉ። ቬስተርግሬን የሚባል ስዊድናዊ በፈረንጆች 1921 ይህንኑ አሠራር ጽፎ ይኸው እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል። እናቴ ዕድሜ ልኳን የጠላ አተላ ሲዘቅጥ ስታይ ኖራ ማን ስሟን አነሳ?

ውጤቱ መጣ። ነጭ የደም ሴል 16,000፣ ኢኤስአር 58፣ ሲአርፒ 96። ሲአርፒ በጤነኛ ልጅ ከ10 በታች ነው ተባልኩ። «ታዲያ ዳሌው መግል ቋጥሯል ነው የሚለው?» «አይልም አባት። ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ በቶንሲልም በሳንባ ምችም ይጨምራል። መጀመሪያ የተገኘውም በ1930 ኒውዮርክ ውስጥ በሳንባ ምች በሽተኞች ደም ላይ ነው። የት እንደሆነ አይነግረንም።» እሳት ተነሣ ብሎ እየጮኸ የማን ቤት እንደሆነ የማይናገር ጎረቤት በሉት።

«ለዚህ ነው ብቻውን የማናምነው» ብሎ ሐኪሙ ጣቱን ቆጠረልኝ። የቦስተን ሐኪሞች በ1999 የዳሌ መገጣጠሚያ መግልን ከቀላሉ ብግነት ለመለየት አራት ምልክት አውጥተዋል፦ ትኩሳት፣ እግርን መሬት አለማስነካት፣ ከፍ ያለ ኢኤስአር፣ ከፍ ያለ ነጭ ሴል። ቆይ እንጂ! ሁለቱን እናቱ ያለ መርፌ ከቤት ይዛ አልመጣችም? ይህን ስለው ሳቀና «ልክ ነዎት» አለኝ። አራቱም ሲሟሉ ቦስተን ላይ መግል የመሆኑ ዕድል ከመቶ 99 በላይ ነው ተብሎ ነበር፤ ሴንት ሉዊስ የሚባል ከተማ ሲሞከር ግን 59 ሆነ። ቁጥርም እንደ ሰው መንገድ ሲሄድ ይከሳል ማለት ነው።

አልትራሳውንዱ ዳሌው ውስጥ ፈሳሽ አሳየ፤ ማታውኑ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተው በመርፌ ሲቀዱት መግል ወጣ፤ ከፍተው አጠቡት። በማግስቱ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ወጌሻው አሽቶት ቢሆን ኖሮስ?» አልኩት። ፌስታሉን አየ። «መግሉ የመገጣጠሚያውን ልም አጥንት በቀናት ውስጥ ይበላዋል፤ ማሸት ያንን አያስቆምም፣ ቀን ያስፈጃል እንጂ» አለኝ። ልጅ ሳለሁ አንድ የሰፈራችን ልጅ እንዲሁ ትኩሳት ይዞት ዳሌውን ሲያሹት ሰንብተው ነበር። ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ዕድርተኛዬ ነው፤ አሁንም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ይህን ለሐኪሙ አልነገርኩትም።

እነሱ ግን መርፌውን አልተዉም። በሁለተኛው ቀን ሲአርፒ 110 ሲሆን ጮኽኩባቸው፤ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ከፍ ያደርገዋል አሉኝ። ከዚያ 60፣ ከዚያ 24። ሲአርፒ በሰዓታት ይወጣል፣ መድኃኒቱ ከሠራ በቀናት ይወርዳል፤ ኢኤስአር ግን ለመመለስ ሳምንታት ይፈልጋል። እሱ እንደኔ ነው፤ አንዴ ከተቆጣ ሦስት ሳምንት ያኮርፋል።

በመጨረሻው ቀን ነርሷ «አባባ፣ እዚሁ እያሉ የእርስዎንም ደም እንይልዎት?» አለችኝ። ከልጄ ጋር ተመካክረው ኖሯል። ተወጋሁ፤ ኮሌስትሮል ተገኘብኝ።

ልጁ አሁን አጥሩ ላይ ነው። ቅቤው ጨጨብሳው ላይ ዋለ። የኔን በዘይት ነው የሚሰጡኝ።