ኒውዮርክ ማን አለን?

በእኛ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በኩል ልጅ ዓረብ አገር የሌለው ቤት ካለ ጎረቤቱ አለው። ከዚህ የተነሳ ማኅበር ላይ የእናቶች አቀማመጥ በምንዛሬ ሆኗል። ልጇ ኩዌት ያለችው ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ አንድ ዲናር ከሦስት ዶላር ይበልጣላ! የሳዑዲዋ እናት፣ ዶላር በ3.75 ሪያል ተቸንክሮ ስለሚኖር፣ ከፍም ዝቅም ሳትል ጠላዋን ትጠጣለች። የምታሳዝነኝ የቤይሩቷ ናት። ከ20 ዓመት በላይ አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ረግቶ ኖሮ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሊራው ሲንኮታኮት፣ ልጄ ደመወዟ በዶላር ነው ብላ ብትምልም በሩ አጠገብ አስቀመጧት።

የአክስቴ ልጅ ሪያድ ናት። ሐዋላ በመጣ ቁጥር ነፋስ መውጫ ድረስ አብሬ የምወርደው እኔ ነኝ፤ ተምሯል ስለተባልኩ የጎደለው ሁሉ ከእኔ ይጠየቃል።

«ልጅቷ የላከችው ይኸን ያህል አይደለም። ማን ቆረሰው?»

ሪያሉ መጀመሪያ ዶላር እንደሚሆን፣ ሲሆንም እንደሚሸረፍ ነገርኳት። ከባንክ ወደ ባንክ የሄደ እንደሆነ ደግሞ ኒውዮርክ ያለ አገናኝ ባንክ ድርሻውን አንስቶ ሊያሳልፈው ይችላል።

«ኒውዮርክ ማን አለን?»

«ማንም የለንም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው?»

እኔ እንኳ ደረሰኝ ላይ የሚጻፈውን ክፍያ አልጠላውም፤ ስሙን አስመዝግቦ ነው የሚወስድ። የምፈራው «ያለ ምንም ክፍያ» የሚለውን ነው። ሪያሏን ከገበያው አሳንሶ ይገዛና በነጻ አደረስኩላችሁ ብሎ ያስመርቃል። ቁርጥ ክፍያ ደግሞ ለ100ም ለ1,000ም ሪያል አንድ ሲሆን የሚጎዳው ትንሽ የላከ ነው። ይህቺ ለአክስቴ ወዲያው ገባቻት። «በየወሩ አትላኪ፣ አጠራቅሚ» ብላ አዘዘች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ላይ ከ74 ብር አለፈ፤ ሪያድ የተጠራቀመው ገንዘብ በተቀመጠበት ወለደ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ የኢኮኖሚ ሊቅ ናት። ጤፍ ስንት ዋለ እንደሚባለው «ሪያል ስንት ዋለ?» ሳትል ቡና አታፈላም።

በጥንት ጊዜ አሞሌ ጨው ከአፋር ምድር በራቀ ቁጥር እየከበረ ይሄድ ነበር። የእኛ ሪያል ግን በራቀ ቁጥር ይከሳል። ይኸንን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ ጨው መላክ ይሻል ነበር ማለቷ መሰለኝ።

ከጥምቀት በኋላ ለልጇ በሶና በርበሬ አሰናድታ ወደ ሪያድ ለምትመለስ የጎረቤት ልጅ አስያዘች። የማድረሻ አይከፈል፣ ምንዛሬ የለበት! ሳምንት ሳይሞላ ልጇ ደወለች፦ በሶው ደርሷል፣ በርበሬው ግን ጎድሏል።

አክስቴ አልተቆጣችም። «ተይው» አለቻት፤ «በኒውዮርክ በኩል መጥቶ ይሆናል።»