የድመት ቅጥር በአዲስ አበባ ቤተሰብ፦ የሥራ መደቡ፣ የሙከራ ጊዜውና የአፈጻጸም ምዘናው

የአዲስ አበባ ቤተሰብ ድመት አሳድጋለሁ ብሎ ወስኖ አያውቅም። ይህ ጥናት ከቡና ላይ ወሬ እስከ ለቅሶ ድንኳን ባደረገው ማጠያየቅ፣ «ድመት ስለምወድ አመጣሁ» የሚል አንድም አባወራ፣ አንዲትም እማወራ አላጋጠመውም። ሁሉም የሚሉት «አይጥ መቀመጫ ነሳን» ነው። እንግዲህ ድመት ወደ ቤታችን የምትገባው ተወድዳ አይደለም፤ ክፍት የሥራ መደብ ተገኝቶ ነው። መደቡን የሚከፍተው አይጡ፣ ቅጥሩን የሚያጸድቁት እናት፣ የሚቃወሙት ደግሞ አባት ናቸው። የልጆች ድምፅ አይቆጠርም። «ኩሽና ውስጥ አይጥ አየን» የሚለውን የመጀመሪያ ሪፖርት የሚያቀርቡት ሁልጊዜ እነሱ መሆናቸው ግን ራሱን የቻለ ምርመራ ይሻል።

መደቡ ጥንታዊ ነው። የሰው ልጅ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ እህል ዘርቶ ማከማቸት ሲጀምር ጎተራው አይጥ ጠራ፤ አይጡ ደግሞ የአፍሪካ የዱር ድመት የሚባለውን ፍጥረት ጠራ። የዛሬዋ የቤት ድመት ከዚህ ወገን ናት፤ ዘመዶቿ በእኛም አገር ቁጥቋጦ ውስጥ ለማንም ሳይቀጠሩ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። በቆጵሮስ የቆፈሩ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው አግኝተው በ2004 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ቆጵሮስ የራሷ ድመት ያልነበራት ደሴት ስለሆነች፣ አንድ ሰው በጀልባ ጭኖ ወስዷታል ማለት ነው። በማዳበሪያ ተቋጥራ ይሁን በካርቶን፣ ምሁራኑ አልገለጹም። ይህን ጥናት የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። አይጥ እንድትይዝ የመጣች ቅጥረኛ ከአሠሪዋ ጎን ምን አስቀበራት? የጎተራ ዘበኛ ከጌታው ጋር አይቀበርም።

ወደ ቅጥሩ እንምጣ። ማስታወቂያ አይወጣም። ወሬው በእቁብ ወይም በጽዋ ማኅበር ይደርሳል፦ «የእነ እንትና ድመት ወልዳለች።» ከመስፈርቶቹ ሁሉ ጥብቁ ጾታ ነው። ሴት መሆን አለባት። «ወንዱ ዟሪ ነው፣ ቤት አይቀመጥም» ይላሉ እናት፤ ይህን ሲሉ ለምን ወደ አባት እንደሚያዩ በዚህ ጥናት አልተካተተም። ቀጥሎ የዘር ጉዳይ አለ፤ እናቷ አይጥ ያዥ መሆኗ መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫውን የምትሰጠው ግልገሎቹን ቶሎ ከቤቷ ማስወጣት የምትፈልገዋ ባለቤት ብቻ ናት። ከዚያ ቃለ መጠይቁ ይከተላል። አንድ ነገር እናውቃለን የሚሉ ሰው ግልገሏን ማጅራቷን ይዘው ብድግ ያደርጓታል፤ የኋላ እግሯን አጥፋ ጸጥ ካለች «ይቺ ያዥ ናት!» ይላሉ። የድመት ግልገል ማጅራቷን ሲይዟት ጸጥ የምትለው እናቷ በአፏ አንጠልጥላ ስትወስዳት እንዳትወራጭ ከተፈጥሮ ባገኘችው ጠባይ ስለሆነ፣ በዚህ ፈተና የወደቀ እጩ እስካሁን አልተመዘገበም።

ማጓጓዣው ማዳበሪያ ነው፤ ማለትም ማዳበሪያው አልቆ ጤፍ፣ ጤፉ አልቆ ከሰል የያዘው ከረጢት። አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ መንገዱን ካየች ትመለሳለች ተብሎ ይታመናልና። ከኮልፌ ተነሥታ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ቀይራ አያት የምትወርድ የሁለት ወር ግልገል፣ አገሬው እንኳ እየጠየቀ የሚሄደውን መንገድ በቃሏ ትይዘዋለች ብሎ መስጋት ለእጩዋ ችሎታ የተሰጠ ትልቅ ግምት ነው። ረዳቱ ከረጢቱ ሲላወስ አይቶ «እናት፣ ምንድን ነው እሱ?» ይላል። «ዶሮ ነው» ይባላል። ዶሮ በታክሲ የመሄድ መብቱ የተከበረ ነው። ቆይቶ ከረጢቱ «ሚያው» ይላል። ረዳቱ ትርፍ ጭኖ የሚሄድ በመሆኑ ስለ ሕግ ብዙ መነጋገር አይፈልግም፤ ዶሮነቱን ተቀብሎ ያልፋል።

ቤት ስትደርስ ከከረጢቱ ወጥታ በቀጥታ ከቡፌው ሥር ትገባለች። ቤተሰቡ በሙሉ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ያጮልቃል፤ በጨለማው ውስጥ አንድ የጠፋ ማንኪያ፣ ጓደኛውን ያጣ ካልሲና ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ይታያሉ። በሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ወተት ይቀርባል። «ውሮ፣ ውሮ፣ ውርዬ» ይባላል። አባት ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ «ተዉአት፣ ሲርባት ትወጣለች» ይላሉ። ሌሊት ውኃ ልትጠጣ የተነሣች ልጅ ግን አባቷን ባትሪ ይዘው፣ በፒጃማ፣ ቡፌው ሥር አንገታቸውን አስገብተው ታገኛቸዋለች። ሲጠየቁ «ቁልፍ ወድቆብኝ ነው» ይላሉ። ከቡፌው ከወጣች በኋላ፣ ቤቱን እስክትለምድ ተብሎ፣ በጨርቅ ቅዳጅ ከጠረጴዛ እግር ጋር ትታሰራለች። የታሰረ ሠራተኛ እንዴት አድርጎ አይጥ እንደሚይዝ አሠሪዎች አላብራሩም።

የሙከራ ጊዜው እዚህ ላይ ይጀምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የድመት እርግዝና ደግሞ እሑድን ጨምሮ 63 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ለአቅመ መውለድ ደርሳ የተቀጠረች ድመት በገባች ማግሥት ብትፀንስ፣ ሙከራዋን ሳትጨርስ ትወልዳለች። አዋጁ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ድመት በዓመት ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፤ ይህም 360 የሥራ ቀን ይሆናል። ዓመቱ እሑዶቹ ብቻ ተቀንሰው 313 የሥራ ቀን ስላለው፣ ድመቷ ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ላይ ቆይታ ቀሪ 47 ቀን ወደ ከርሞ ይዛወርላታል። አዋጁ ለድመት አይሠራም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው።

የቅጥር ጤና ምርመራ በአብዛኛው ይዘለላል፤ መዘለል ግን አልነበረበትም። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ነክሳ ታስተላልፈዋለች፤ ክትባቱ ሦስት ወር ሲሞላት ይጀመራል። በዚህ ጥናት ውስጥ ለአንባቢ የሚጠቅመው ዓረፍተ ነገር ይኸው ብቻ ስለሆነ ወደ ጥቅማ ጥቅሙ እንለፍ።

ደመወዝ የለም፤ ቀለብ አለ። ቀለቡ ከባድ ሃይማኖታዊ ጥያቄ ያስነሣል። በኦርቶዶክሳውያን ቤት የተቀጠረች ድመት ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ የፍልሰታን 15 ቀን ሳትጠየቅ ትጾማለች፤ ሥጋ በማይገባበት ቤት ለድመት ተብሎ ግማሽ ኪሎ አይቆረጥም። የሚቀርብላት የሽሮ ፍትፍት ነው። ነገር ግን ድመት ያለ ሥጋ የማትኖር ፍጥረት ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሰው አካል ራሱ ያዘጋጃል፤ የድመት አካል ግን የሚበቃትን ያህል አያዘጋጅም፤ ከሥጋ ወይም ከዓሣ ካላገኘችው ዓይኗ ይጎዳል፤ ይህም በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል። ሽሮ ውስጥ ታውሪን የለም፣ ምንም ያህል ቢቁላላ።

ድመቷ ጥናቱን ሳታነብ መፍትሔውን ደርሳበታለች፦ በአጥር ትሻገራለች። ከአጥሩ ማዶ የሙስሊም ጎረቤት ቤት አለ። እዚያ ሌላ ስም፣ ሌላ ሰሃን፣ በልጆቹ አባባል ደግሞ «የእኛ ድመት» የሚል ሙሉ ዜግነት አላት። በእነሱም ቤት የተቀጠረችው አይጥ ልትይዝ ነው። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን ሲደራረቡ ትቸገራለች የሚል ስጋት ነበር። አልተቸገረችም። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ስለምትተኛ፣ የቀኑን ጾም በሁለቱም ቤት በእንቅልፍ አሳልፋ ማታ ለአፍጥር፣ ሌሊት ለሱሁር በሰዓቱ ተገኘች፤ የፋሲካ ሌሊት ደግሞ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ የዶሮው ድስት አጠገብ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው የቆየ ክርክር ላይም አቋሟ ግልጽ ነው።

ፈተናው ግን የአፈጻጸም ምዘናው ላይ ነው። በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን፣ ቆሻሻ ተለይቶ መልሶ ጥቅም ላይ በሚውልበት አንድ ቅጥር ግቢ ካሜራ የተከሉ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ባለቤት አልባዎቹ ድመቶች በ79 ቀን ክትትል ሲገድሉ የታዩት ሁለት አይጠ መጎጥ ብቻ ነው። አይጦቹ የተማሩት ነገር ቢኖር ድመት ባለችበት ሰዓት ብቅ አለማለትን ነው። ሰው አይጥ ማየት ሲያቆም አይጡ ያለቀ ይመስለዋል፤ ምስጋናውን ድመቷ ትወስዳለች፣ አይጡም በዚህ ቅር የተሰኘበት ምልክት አልታየም።

በአዲስ አበባ ቤት ምዘናውን የሚሞላው ቤተሰቡ ስለሆነ ውጤቱ ይበልጥ የሚያኮራ ነው። አይጥ ከምድጃው ሥር ወጥቶ በድመቷ አፍንጫ ፊት ሲያልፍ፣ እሷም አንገቷን ብቻ አዙራ ስትሸኘው፣ «ገና ልጅ ናት» ይባላል። ከዓመት በኋላ «ጠግባ ነው» ይባላል። ከዚያ «ወልዳ ነው»፣ በመጨረሻ «አርጅታ ነው»። በእነዚህ ምዕራፎች መካከል ሥራ የሚሠራበት ክፍተት አልተገኘም። አንድ ቀን የያዘች እንደሆነ ደግሞ አምጥታ የአባት ጫማ ውስጥ ታኖረዋለች፤ ያ አንድ አይጥ ለልጅ ልጅ ይወራል።

አይጡ ሲበዛ እናት መርዝ ይገዛ ይላሉ። አባት፣ ቅጥሩን የተቃወሙት አባት፣ «ድመቷ የሞተውን ብትበላውስ?» ብለው ይከለክላሉ። ድመት በመቀጠሯ ምክንያት አይጡ ከመርዝ ነጻ ወጣ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ከለላ ቀድሞ አልነበረውም። ቀጥሎ በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ከሚዞረው ልጅ የአይጥ ማጣበቂያ ይገዛና ማታ ከፍሪጁ ጀርባ ይነጠፋል። ጠዋት ተጣብቃ የምትገኘው ድመቷ ናት። እናት ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋት፣ በሌላው የምግብ ዘይት እያፈሰሱ መዳፏን በአንድ በአንድ ያሻሉ። በወጥ ላይ በማንኪያ የሚለካው ዘይት ነው። «እሰይ፣ የእጅሽን ነው ያገኘሽው» ይሏታል፤ ድምፃቸው ግን ከቃሉ ጋር አይሄድም።

ያለ ሥራ መደብ የተወደደ እንስሳ በታሪካችን ከተፈለገ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ አለ። ሌላው ውሻ ሁሉ፣ ቡቺም ሆነ መቻል፣ በዘበኝነት የተቀጠረ ነው። ፖላንዳዊው ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ስለ ቤተ መንግሥቱ ጽፎ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና በሳቲን ጨርቅ የሚያብስ ሰው ተመድቦ ነበር ይላል። መጽሐፉን የሚያስተባብሉ ብዙ ናቸው። ወሬው ተረትም ቢሆን የምደባ ሥርዓቱን አልሳተም፤ ውሻው ሥራ ከሌለው ሥራው ለሰው ይሰጣል።

ይህ ጥናት የደረሰበት ድምዳሜ የሚከተለው ነው። እንስሳን እንዲያው መውደድ እኛ ዘንድ ቅንጦት፣ ባስ ሲልም ነውር ነው፤ ቀጥሮ መውደድ ግን ይፈቀዳል። አይጥ መያዝ የሥራ ዝርዝር አይደለም፤ የመግቢያ ፈቃድ ነው። «ከቤት ውጭ ነው የምታድረው» ያሉት አባት ቅዳሜ ከሰዓት ጋቢያቸውን ለብሰው ጋደም ሲሉ ድመቷ መጥታ ጉልበታቸው ላይ ትጠቀለላለች። እግራቸው ይደነዝዛል። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል። «አንሡልኝ፣ እኔ ስለማይመቸኝ ነው» ይላሉ፤ ለምን እንደማይመቻቸው አይናገሩም፣ የሚጠይቅም የለም። የቆጵሮሱም አሠሪ ከዚህ የተለየ ሰው አይመስለንም።

የቀረው የምስክር ወረቀቱ ጉዳይ ነው። ድመቷ ባረገዘች ሰሞን ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ትመጣለች።

«ይቺ ድመትሽ ትይዛለች?»

«ምን ነካሽ! እሷ ከመጣች ወዲህ አይጥ የሚባል ዓይተን አናውቅም።»

ከኩሽና በኩል አንድ ክዳን ይወድቃል። ሁለቱም ሰምተዋል።

«በይ እንግዲህ ስትወልድ አንድ ያዢልኝ፤ አይጥ መቀመጫ ነስቶናል።»

«ሴት ነዋ የምትፈልጊው?»

«ሴት፣ ሴት! ወንዱማ ዟሪ ነው።»