የክረምት ዋናተኞች
ፈረንጅ ልጁ ትምህርት ሲዘጋለት የሰፈር የውሃ ዋና ቡድን ያስመዘግበዋል፤ ያኔ እዚያ ፀሐይ ነው። በአዲስ አበባ ዳር ያለው የሳንሱሲ ሰፈር ልጅ ትምህርት የሚዘጋለት ግን በሐምሌ ነው። ያኔ ደግሞ ሰማዩ እንደ ጉድ ያወርደዋል፤ ቧንቧው ግን አየር ያፏጫል። ልጄን ዋና ላስለምድ ያለ ወላጅ መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ መሀል ከተማ ድረስ የታክሲ ሒሳብ ያዘጋጅ። በአምቦ መንገድ ትንሽ ወጣ ሲሉ ገፈርሳ ግድብ አለላችሁ፤ እሱ ግን የሚጠጣ ነው፤ ያውም ፈረቃችን ሲደርስ። እስካሁን በሰፈራችን ያለ አሠልጣኝ መንሳፈፍ የቻለው ቢጫው ጀሪካን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያዊው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ሲወጣ፣ ዓለም በቦርጩ ሳቀ፤ አባቱ የኢትዮጵያ የውሃ ዋና ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ናቸው ተብሎም አገር ተንጫጫ። ከሳቁት ስንቱ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ እንደሚያውቅ አልተጠየቀም። ሳንሱሲ ላይ በቴሌቪዥን ያየን ሰዎች ሰዓቱንም ቦርጩንም አላየንም። ያን ሁሉ ንጹሕ ውሃ፣ ያለ ወረፋ፣ ለአንድ ሰው!