ፑልን በአፍንጫ የመለካት ጥበብ

ፑል ያለው ቤት ገዙ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ያውም ላስ ቬጋስ፣ ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚዘልበት ከተማ። የመጀመሪያው ሥራዎ የቀድሞው ባለቤት ጋራዥ ውስጥ ትቶልዎት የሄደውን የውሃ መመርመሪያ፣ ከነጠብታው ከነብልቃጡ፣ አውጥቶ መጣል ነው። በእሱ መለካት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ የእርስዎ ዓይነት ሰው ሁለት ደቂቃ ከየት ያመጣል? ደግሞስ አፍንጫ እያለዎት!

በአፍንጫ ሲለኩ እንዲህ ያድርጉ። ጠዋት የጓሮውን በር ከፍተው አየሩን ሳብ ያድርጉ። ክሎሪን ክሎሪን ካለዎት ውሃው ንጹሕ ነው፤ እንዲያውም በዝቷልና ለሁለት ሳምንት ምንም እንዳይጨምሩ። እንግዳ ሲመጣም “ሸተታችሁ? ንጽሕናው ነው” ይበሉ። ይህን ጊዜ አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ተነስቶ ያ ሽታ የክሎሪን መብዛት ሳይሆን ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው፣ በደንብ የተያዘ ፑል እምብዛም አይሸትም፣ መድኃኒቱም ክሎሪን መቀነስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በርከት አድርጎ መጨመር ነው ይልዎት ይሆናል። ቢራ ይስጡትና ዝም ያሰኙት። የልጆቹ ዓይን በርበሬ ቢመስልም ምክንያቱ ያው “የክሎሪኑ ብርታት” ነው። ደግሞም የሰው ልጆች ናቸው፤ ቤታቸው ሄደው ይታጠባሉ።

ጉንፋን ይዞዎት አፍንጫ እምቢ ካለ በዓይን ይለኩ። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ሰማያዊው የገንዳው ወለል ቢሆንም ደህና ነው። አረንጓዴ ከሆነ ዛፉ ያሳረፈበት ጥላ ነው ይበሉ። ዛፍ ከሌለ የጎረቤት ዛፍ አይጠፋም።

ባለቤትዎ “ለካው እንጂ!” ብላ መመርመሪያውን ከቆሻሻው መልሳ ካወጣችው ደግሞ እንዲህ ይገላገሉ። ውሃውን ክርን ድረስ እጅ አስገብተው ከመሃል ሳይሆን ፓምፑ ንጹሑን ውሃ ከሚተፋበት አፍ ላይ ይቅዱ። ጠብታው ሮዝ ካልሆነ ክሎሪን የለም ማለት ነው፤ አንድ ጋሎን ይድፉበት። እንደገና ይለኩ። አሁንም ሮዝ አልሆነም? ሌላ ጋሎን። ክሎሪን ከመጠን ሲያልፍ የመመርመሪያውን ቀለም ራሱን እንደሚያነጣው፣ ውሃው ምንም የሌለበት መስሎ የሚታየው ለዚያ እንደሆነ ለማወቅ የዕቃውን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። መመሪያ ደግሞ እርስዎ አያነቡም፤ የዋና ልብስዎ ከለሩን ሲለቅ ያውቁታል።

ምን ያህል ይጨመር ለሚለው ጥያቄ መልሱ “ትንሽ” ነው። 10,000 ጋሎን በሚይዝ ፑል ላይ አንድ ጋሎን ባለ 12.5 በመቶ ፈሳሽ ክሎሪን ቢጨምሩ መጠኑ በ12.5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ገደማ ከፍ ይላል፤ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ሰዎች ከ1 ፒፒኤም እንዳያንስ፣ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚከላከለው ሲያኑሪክ አሲድ ካለበት ደግሞ ከ2 እንዳያንስ ይላሉ። እነሱ የእርስዎን ፑል መቼ አዩት? ይልቅስ ምክር ሲፈልጉ ፑል የሌለው ዘመድ ይጠይቁ። “በረኪና ጣል አርግበት” ይልዎታል። ጣል ያድርጉበት፤ የሎሚ ሽታ ያለው ከሆነማ እሰየው። ሰዓቱ ቀትር ይሁን፤ ፀሐይዋ ለራሷም የምታጠፋው ክሎሪን ትፈልጋለች።

ፒኤች የሚባል የአሲድነት ልክም አለ። ይለፉት።

የክሎሪን ታብሌት ግን ይወዳሉ፤ አውቃለሁ። ተንሳፋፊው ውስጥ ከትቶ መርሳት ነውና። ይርሱት። ከየታብሌቱ ጋር ሲያኑሪክ አሲድ ይገባል፣ እሱ ደግሞ ከውሃው ጋር አይተንም፣ እየተጠራቀመ ይሄድና አንድ ቀን ክሎሪኑ እያለ የማይሠራ ይሆናል። ያኔ ያለው መላ ውሃውን በከፊል አፍስሶ በአዲስ መተካት ነው። ሲያፈሱ ወደ ፍሳሽ መስመሩ እንዳይለቁት፤ በዚያ ቢሄድ ተጣርቶ ወደ ሌክ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል፣ ለከተማውም ይጠቅማል። መንገዱ ላይ ይልቀቁት፤ ጎረቤት በነፃ መኪናውን ይጠብ።

ኬሚካሎቹን ጋራዥ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ላይ፣ የፒኤች ማውረጃውን አሲድ ከላይ ክሎሪኑን ከሥር ያስቀምጡ። ባልዲም ሁለት መግዛት ብክነት ነው፤ በአሲዱ ባልዲ ክሎሪኑን... አንተ ሰው! ይሄ ቀልድ አይደለም! አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የታብሌቱን ክሎሪንና ዱቄቱን ክሎሪን ብታደባልቅም እሳት ሊነሳ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ዱቄት ላይ ውሃ አትጨምር፣ ውሃ ላይ ዱቄት ጨምር። ልጆች እዚያው ጋራዥ ውስጥ ብስክሌት እያወጡ! ... ይቅርታ፣ እርስዎን ማለቴ ነው። ወደ ምክሬ ልመለስ።

የልደት ቀን ደረሰ። ሕዝቡ መጥቷል፣ ግሪሉ ይጨሳል። ማንም ሻወር ወስዶ እንዲገባ አይጠይቁ፤ እንግዳን “ታጠብ” ማለት ነውር ነው። ቅባት የተለቀለቀውም፣ ጥብስ በልቶ እጁን ያልታጠበውም ዘው ይበል። ታላቅ ይቅደም ቢባልም ለዛሬ ዳይፐር ያደረገውን ሕፃን ያስቀድሙ። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ ካለ “ቆይ፣ ቆይ” ይበሉት፤ ሦስተኛ ጊዜ አይጠይቅም።

በማግስቱ ውሃው ሾርባ ሲመስል ባለሙያ ይጠራል። ገና መመርመሪያውን ሳያወጣ “ክሎሪኑ ልክ ነው፣ ችግሩ ፓምፑ ነው” ይበሉት። ዋጋ ሲነግርዎ ይደንግጡ፤ አገር ቤት በዚህ ገንዘብ ምን ይሠራ እንደነበር በብር አስልተው ይንገሩት። ትላንት ስንት ሰው እንደገባበት ቢጠይቅዎ ግን “ቤተሰብ ብቻ” ነው መልሱ።