እልልታዬ በናሽቪል

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጋቢናው ውስጥ ከጥላሁን ገሠሠ ካሴት ጎን የኬኒ ሮጀርስ አይጠፋም። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ድምፁን ከፍ እያደረገ "ይህ ሰውዬ የሆነ ነገር ደርሶበታል" ይለን ነበር። ካንትሪን የወደድኩት እዚያ ጋቢና ውስጥ ነው። ታዲያ ባለፈው ጥቅምት ናሽቪል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ዘንድ ስሄድ፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ "የት ነው የሚዘፈነው?" አልኩት።

"አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር አንድ ቀን ሄጄ አላውቅም። የነጮች ሙዚቃ እኮ ነው!"

"እንግዲያው ዛሬ ትሄዳለህ።"

ብሮድዌይ በሚሉት መንገድ በየበሩ ባንድ አለ፤ ሦስት ፎቅ ያለው ቤት በየፎቁ ሌላ ባንድ ያጫውታል። ከበሮ ከከበሮ እየተላተመ ግጥሙ አይሰማም። አሥር ደቂቃ አልቆየሁም። ትንሽ አለፍ ሲሉ ራይማን አለ፤ በፈረንጆቹ 1892 ለስብከት የተከፈተ የጡብ አዳራሽ ነው። ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ከ1943 እስከ 1974 ቤቱ ይኸው ነበር። ወደ አዲሱ አዳራሽ ሲዛወሩ ከአሮጌው መድረክ ወለል ክብ ቆርጠው ወሰዱ፤ ዘፋኞቹ ዛሬም እዚያች እንጨት ላይ ቆመው ይዘፍናሉ። የእናትን ቤት ጉልቻ ይዞ እንደ መውጣት ነውና ደስ አለኝ። የራይማን ትኬት ግን አልቋል ተባልን።

ሌላ ወደሚዘፈንበት ቤት ስንሄድ ዝናብ ወረደ። የአክስቴ ልጅ ስልክ ቻርጅ ጨረሰ፤ መንገድ ስተን አንዱን ድልድይ ሁለት ጊዜ ተሻገርነው። ከመሃል ከተማ ርቃ በሱቆች ተርታ ወዳለች ጠባብ ቤት ስንደርስ ዝግጅቱ ተጀምሯል፤ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን።

መድረክ የለም። አራት የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ጊታርና ቫዮሊናቸውን ይዘው በክፍሉ መሃል ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በየተራ የራሳቸውን ዘፈን ይጫወታሉ፤ አስቀድመው እንዴት እንደተወለደም ያወራሉ። ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ብርጭቆ እንኳ አይንቃጨልም።

አንድ ሽማግሌ፣ የአባቱ እርሻ በባንክ ዕዳ በሐራጅ የተሸጠ ዕለት አባትየው ኮርቻውን ብቻ ተሸክሞ እንደወጣ ዘፈነ። አጠገቡ ያለችው ሴት በቫዮሊን ስትከተለው ማሲንቆ የሰማሁ መሰለኝ። በመጨረሻው ግጥም ልጁ አድጎ ያንኑ መሬት መልሶ ሲገዛ አልቻልኩም፤ እልል አልኩ።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ያ ሳይበቃኝ ሃያ ዶላር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ልለጥፍለት ተነሣሁ። አስተናጋጇ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። የአክስቴ ልጅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሽማግሌው አላቋረጠም፤ ሲጨርስ ግን ወደኔ ዞሮ ባርኔጣውን ከፍ አደረገልኝ።

ከዚያ በኋላ ድምፄን አላሰማሁም፤ ልክ ናቸውና። አዝማሪ ቤት "ተቀበል!" እያልን ግጥም መስጠታችን ውበታችን ነው፤ በምንም አልለውጠውም። ግን ስንት ወርቅ በጫጫታችን ሥር ተቀብሮ ቀርቷል! ገጣሚው ቃሉን ሲጥል የሚያነሳለት ጆሮ ይፈልጋል፤ እነዚህ ሰዎች ያን ጆሮ ይሰጣሉ። ስንወጣ ሃያ ዶላሩን በሩ አጠገብ ባለው የጉርሻ ባልዲ ውስጥ ከተትኩ።

በማግስቱ የአክስቴን ልጅ ወደ ካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም ወሰድኩት። የዲፎርድ ቤይሊን ነገር ነገርኩት፤ ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ነው፤ በኦፕሪ የመጀመሪያ ዓመታት ከዝነኞቹ አንዱ ነበር። በ1941 አሰናበቱት፤ ከዚያ ጫማ እየጠረገ ኖረ። በ1982 ዐረፈ፤ በካንትሪ የክብር መዝገብ ስሙ የገባው ግን በ2005 ነው። ባንጆም ቢሆን ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች በቅልና በቆዳ ከሠሩት መሣሪያ የተወለደ ነው።

"የነጮች ያልከኝ ይህን ነው?" አልኩት።

ዝም አለ። ባለፈው ሳምንት ግን ደወለልኝ፤ ወደዚያች ጠባብ ቤት ቀድሞ ቦታ አስይዞ ብቻውን ሄዶ ነበር።