ለቆቦ የሚሞቅ ወንበር

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ተቀምጦ መኪና ሊገዛ ነው፤ እንቅልፍ ያጣሁት ግን ቆቦ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል። ተነስቼ መነጽሬን ስዳብስ ባለቤቴ «ማን ሞተ?» ትላለች። ማንም አልሞተም። የመኪና ወንበር ፎቶ ነው።

ጥፋቱ የራሴው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በሬ የሚገዛ ሁሉ «እስቲ አንድ ጊዜ እይልኝ» እያለ ገበያ ሲጎትተኝ ኖሬያለሁ። የራያ በሬ ቀንዱ ሰማይ ይወጋል፤ ቀንድ አይቶ የገዛ ግን ሰኔ ሲመጣ ያለቅሳል። እኔ ከኋላ ዞሬ አረማመዱን አያለሁ፣ ጥርሱን እቆጥራለሁ፣ ሰኮናውን አነሳለሁ። ይህን በልጅነቱ ሲያይ ያደገው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ አንቱ በሬ መርጠው ተሳስተው አያውቁም፤ መኪናዬንም አንቱ ነዎት የሚመርጡልኝ» ብሎ ጫነብኝ። ደግሞ በጎረምሳነቴ ሁለት ዓመት የኤንትሬ ፊያት ረዳት ሆኜ የግራ ካሱን ዳገት ስወጣና ስወርድ መክረሜን ያውቃል። ካምቢዮና ባሌስትራ ስለምለይ መሐንዲስ መስዬዋለሁ።

«ምን ዓይነት መኪና ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

«ስቴሽን ዋገን ነው አጎቴ። ምቾት ያለው፣ ደህና ስቴሽን ዋገን።»

ደስ አለኝ። እኔ የማውቀው ስቴሽን ዋገን ፔጆ 404 ነው። አንድ ዘመን ድሬዳዋ ሄጄ ተሳፍሬባታለሁ። ጣሪያዋ እስከ ጭራዋ የዘለቀ፣ ሰው በሰው ላይ የምትጭን፣ ፍየልም ብትጨምርባት የማትቆጣ መኪና ነበረች። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጧት ናት፤ ድሬዳዋ ግን ይኸው ልጅ ልጆቿ እስኪደርሱ ታክሲ አድርጓታል። ማንም ሰው ያቺን መኪና ሲሳፈር የትኛው ደረጃ ናት ብሎ አልጠየቀም። ትሄዳለች፤ ካልሄደች ወርደን እንገፋለን።

ልጁ ሳቀብኝ። ፔጆ ቀርቷል አለኝ። መርሴዲስና ቮልቮ የሚሠሩት ያ ዝቅ ያለ፣ ረጅም ጣሪያ ያለው መኪና በፈረንጅ አገር ራሱ ቦታውን ለከፍታሞቹ እየለቀቀ ነው አሉ። እኛ ዘንድማ በደላላ አፍ ስቴሽን ዋገን ማለት ላንድክሩዘር ነው፤ ቢያንስ ቢያንስ ፕራዶ። እሺ አልኩ። እሺ ባልኩባት ምሽት ነው የሰላሜ ነገር ያበቃው።

መጀመሪያ የመጣው የፊደል ጣጣ ነው። ጂኤክስ አለ፣ ጂኤክስአር አለ፣ ቪኤክስ አለ፣ ቪኤክስአር አለ። ፕራዶ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ቲኤክስ፣ ቲኤክስኤል፣ ቪኤክስኤል። ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው የወለደቻቸው እናትም አትለያቸውም፤ ዋጋው ግን ኋላ በር ላይ በተለጠፈችው ፊደል ይወጣል፣ ይወርዳል። የኔታ ከዋርካ ሥር ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ከሀ ወደ ሁ ስሻገር ጭማሪ ብር አልጠየቁኝም።

«ጂኤክሱ ባዶ ነው አጎቴ» አለኝ። ባዶ! መሪ አለው፣ አራት ጎማ አለው፣ ሞተር አለው፣ የጨርቅ ወንበር አለው። ይህ ባዶ ከተባለ የእኔን ቤት ምን ሊሉት ነው? በሌላው ጫፍ «ፉል ኦፕሽን» የሚባለው አለ። ደላላው ደውሎልኝ ነበር፤ እሱ ዘንድ ፉል ኦፕሽን ያልሆነ መኪና የለም፤ መስታወቱ ሳይዘውሩት ከወረደ ፉል ኦፕሽን ነው። የሚሸጣቸው ሁሉ ደግሞ ዶክተር የነዳቸው፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሌላ መንገድ የማያውቁ ናቸው። አንዷን በፎቶ አየኋት። ማርሚታዋ ዝጓል፣ ከሥሯ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ይህ ዶክተር የሚሳለመው ደብር የት ነው ብዬ ብጠይቀው ስልኩን ዘጋብኝ።

ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ እዚህ እንኳ የምናገረው አላጣም። ድሮ ላንድክሩዘር ላይ ዋን ኤችዜድ የሚባል ሞተር መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ዳገት ላይ ቀስ ይላል፤ ሲያጉረመርም እኔን ይመስላል። ቢሆንም ሮቢት ላይ ቢቆም ሮቢት ያለ መካኒክ ያስነሳዋል (የእኛን ሮቢት ማለቴ ነው፤ የሸዋው ሮቢት ሌላ ነው)። ናፍጣው ከጀሪካን የተቀዳ ቢሆን እንኳ ፊቱን አጨፍግጎ ይጠጣዋል። አዳዲሶቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። የፕራዶው 3.0 ሊትር ናፍጣ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2015 የተካው 2.8ቱ፣ ጉልበታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ኢንጀክተራቸው እንደ አራስ ነው፤ ቆሻሻ ናፍጣ አይነካካቸውም። ቤንዚኑ 2.7 ደግሞ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ቤተሰብ፣ ሻንጣና ሁለት ኩንታል ማሽላ ጭኖ ጣርማ በርን ሲወጣ ግን አብረኸው ታምጣለህ።

«እንግዲያው ዋን ኤችዜዱን ያዝና ወንበሩ ቆዳ የሆነ፣ ያ የምትወደው ጌጣጌጥ ያለው ይሁንልህ» አልኩት። ነገሩን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አይሆንም! ያ ሞተር የሚመጣው ከባዶው መኪና ጋር ነው። ጌጡን ከፈለግህ ቱርቦውን ከነኮምፒውተሩ ትወስዳለህ። ሞተሩን ለብቻ፣ ወንበሩን ለብቻ መምረጥ የለም። ቆቦ ላይ ስኳር የጠፋ ጊዜ ባለሱቁ «ሳሙና ካልጨመርክ ስኳር የለም» ይለን ነበር፤ ያን ጊዜ ቀበሌ ድረስ ሄጄ ተሟግቻለሁ። ጃፓኖች ሲያደርጉት ግን «ፓኬጅ» ይባላል፤ የእህቴ ልጅ በትልቅ አክብሮት ይጠራዋል።

እሱ ልቡ ያለው ቪኤይት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ላንድክሩዘር፣ 4.5 ሊትር፣ ሁለት ቱርቦ፣ ስምንት ሲሊንደር። እኛ ዘንድ ቪኤይት የሞተር ስም መሆኑ ቀርቶ ሹመት ሆኗል። አስፋልቱ ላይ ነጭ፣ ትልቅ መኪና ካለፈ ልጆቹ «ቪኤይት! ቪኤይት!» ይላሉ፤ ኮፈኑን ከፍተው ያዩ ይመስል። ሰባት ሰው ተሰብስቦ ያልታየ ጉዳይ አንድ ቪኤይት ደጃፍ ላይ ከቆመ ይታያል። ጃፓኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 አዲሱን ሲያወጡ ስምንቱን ትተው ወደ ስድስት ሲሊንደር ወርደዋል፤ የናፍጣው 3.3 ሊትር ነው፤ ጉልበቱም አልቀነሰም። ይህን ስነግረው «ስምንቱ ክብር አለው አጎቴ» ይለኛል። አራት ጥማድ በሬ ጠምዶ አንድ ሰው ለቅሶ ሊደርስ!

ደግሞ ውኃው አለ። ፋብሪካው 70 ሳንቲሜትር ውኃ ያቋርጣል ብሎ ጽፏል። ወንዛችን ጎሊና ግን 70 ሳንቲሜትር ሆኖ ለማን ብሎ ነው የሚመጣው? ክረምት ላይ እዚህ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ከደጋው ከዘነበ፣ ደረቁን አሸዋ እየተራመድክ ሳለ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ይደርስብሃል። እኛ ያንን ጎርፍ ጠልፈን ማሽላ እናጠጣበታለን፤ ወደ እርሻዬ የሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ይዞ ለተገኘ ግን ቪኤክስም ቪኤክስአርም እኩል ናቸው፤ ሁለቱንም ወደ አፋር ይሸኛቸዋል።

አሁን ወደ ወንበሩ። ያ የሌሊቱ ፎቶ የወንበር ማዘዣ ነበር። ትንሽ ቁልፍ ላይ የወንበር ሥዕል አለ፤ ከወንበሩ በላይ ሦስት የተጠማዘዙ መስመሮች። ገና ሲነጋ ለጎረቤቴ ለሼሁ ወስጄ አሳየሁት። መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ አየና «ይህ እንፋሎት ነው። ወንበሩ ቡና ያፈላል እንዴ?» አለኝ። ለእህቴ ልጅ ደወልን። «ወንበሩ ይሞቃል ማለት ነው» አለ። ሼሁ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ «የት ሊነዳት ነው ይህችን መኪና?» አለው። «አዲስ አበባም፣ ቆቦም» አለ ልጁ። ሼሁ ስልኩን መለሰልኝና ወደ ቡናው ዞረ።

አገራችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር እንኳ አትሞላም። ግንቦት ላይ፣ ቀትር፣ የዞብል ተራራ በሙቀቱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ ግመሉ እንኳ ጥላ ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ የዋለ የመኪና ወንበር ላይ በቁምጣ የተቀመጠ ሰው ቆዳውን ትቶ ይነሳል። ለዚህ አገር ገንዘብ ከፍሎ የሚሞቅ ወንበር!

ልጁ ግን ተንኮለኛ ነው። ዝም ብሎ ቆየና «አጎቴ፣ እኮ የሚነፍስም አለው» አለኝ። ቆዳው እንደ ወንፊት ተበስቶ ከሥሩ ትንሽ ማራገቢያ አለ፤ ከወገብህ ጀምሮ ቀዝቃዛ አየር ይልክብሃል። ከሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል ደግሞ ክንድ ማሳረፊያው ሲከፈት ማቀዝቀዣ ነው። እርጎ ብታስቀምጥበት ወልድያ እስክትደርስ እንደቀዘቀዘ ነው። አልዋሽም፤ ያን ቀን ማታ ስለዚያ እርጎ አሰብኩ።

«እንግዲያው የሚነፍሰውን ብቻ ያዝ» አልኩት።

«ብቻውን አይሸጥም አጎቴ። ከሚሞቀው ጋር ነው የሚመጣው።»

አላልኳችሁም? ስኳርና ሳሙና።

ባለቤቴን ሳላማክር ለከፍተኛው ፊደል ድምፄን ሰጠሁ። ከዚያ ሒሳቡ መጣ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ ለሚበልጥ አዲስ መኪና ግብሩን 100 በመቶ አድርጎታል፤ እኛ የምንጨቃጨቅበት ሞተር ደግሞ ትንሹ 2,700 ነው። አሮጌ ከሆነ ግብሩ የበለጠ ይከፋል። ይባስ ብሎ ከጥር 2016 ወዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ላንድክሩዘሮች እንደ ጥሎሽ ከብት ዋጋቸው እየናረ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ደላላው የነገረንን ዋጋ ለሼሁ ስነግረው «በዚህ ስንት ግመል ይገኛል?» ብሎ ማስላት ጀመረ፤ መሐል ላይ ተወው።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ደወለ። ድምፁ ተቀይሯል፤ ደስ ብሎታል። «አጎቴ፣ ኤሌክትሪክ ልይዝ ነው። ቮልስ ነው። ስድስት ሰው እንደልቡ ያስቀምጣል።»

«ሞተሩስ ስንት ነው?»

«የሚያውቁት ዓይነት ሞተር የለውም። ባትሪ ነው።»

ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ምን ስንመርጥ ኖርን? ዋን ኤችዜዱ፣ ኢንጀክተሩ፣ ስምንቱ ሲሊንደር፣ ያ ሁሉ የሌሊት ክርክር ምን ሆነ? የባትሪ መጠን በኪሎዋት ሰዓት ይለካል፤ ትንሽና ትልቅ አለው፤ አሁን ደግሞ የዚያ ጣጣ ሊጀምር ነው። ከአዲስ አበባ ቆቦ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ይህን ያህል ይሄዳል የሚለው ቁጥር ደግሞ ሜዳ ላይ የተለካ ነው እንጂ ጣርማ በር ላይ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ ሊሞላ ነው? መብራት ቢጠፋስ? «ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ መልሶ ይሞላዋል» አለኝ። ይህ ብቻ ደንቆኛል፤ ቁልቁለት ሲወርድ የሚጠግብ በቅሎ ዕድሜ ልኬን ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

ደግሞ ሁለት ዓይነት አለው አሉ፤ ፕሮ የሚባልና ፕራይም የሚባል። «የትኛውን ልያዝ አጎቴ?»

ብዙ አልተናገርኩም። ደክሞኛል።

«ወንበሩ ይነፍሳል ወይ?» አልኩት።

ወረቀት ሲያገላብጥ በስልኩ ይሰማኛል። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ።

«ይሞቃል አጎቴ» አለኝ።