ከስክሪኑ ወረድ ብሎ

መቂ ላይ ቤት የሚጠቁም ሰው ቁጥር አይጠራም። «ከመናኸሪያው ወረድ ብለህ፣ ሽንኩርት የሚጫንበትን አልፈህ፣ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ይላል። ወፍጮ ቤቱ ቢፈርስም «ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረው ጋ» ብሎ ይቀጥላል እንጂ እንግዳውን ሜዳ ላይ አይጥልም። የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲህ ያለ አስተዳደግ የለውም። ሲዘጋ የመስኮቱን ቦታ በፒክስል ቆጥሮ ይይዛል፤ በማግስቱም ያው ቁጥር ላይ ሄዶ ይቆማል። ከዋናው ሞኒተር በስተግራ ሌላ ሞኒተር ከነበረ የአግድሙ ቁጥር ከዜሮ በታች ነው፤ ያ ሞኒተር ከተነቀለ መስኮቱ ማንም በማያየው ስፍራ ይከፈታል። ምልክቱ ታስክባሩ ላይ አለ፣ ደንበኛው ደረሰኝ ይጠብቃል፣ መስኮቱ የለም። ይባስ ብሎ ዊንዶውስ የታጠፈን መስኮት −32000 ላይ ነው የሚደብቀው። ፕሮግራመሩ ሳያጣራ ይህን ቁጥር ከመዘገበ፣ መስኮቱን ከሞያሌ ማዶ መፈለግ ነው።

ጥፋቱ ማስታወሱ አይደለም፤ ትዝታን እንደ ትእዛዝ መቁጠሩ ነው። ከአለካኩም የሚመጣ ጥፋት አለ፤ ዊንዶውስ ሁለት የመለኪያ ገመድ አለው፦ አንዱ ከስክሪኑ ጠርዝ ይነሣል፣ ሌላው ታስክባሩ ከተቀነሰ በኋላ ከተረፈው ቦታ። ታስክባሩ ከላይ በተቀመጠበት ማሽን በሁለተኛው ለክቶ በመጀመሪያው የሚያስቀምጥ ፕሮግራም፣ በተከፈተ ቁጥር 40 ፒክስል ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ በየክረምቱ አንድ ትልም እየጨመረ ድንበር እንደሚገፋ ጎረቤት። ፕሮግራመሩ ብልሃት ያገኘ መስሎት 40 ይደምራል። ታስክባሩ ከታች ባለበት ማሽን ደግሞ ያው መስኮት ቁልቁል መውረድ ይጀምራል።

«ታዲያ ሁሌ መሐል ላይ ይከፈት» የሚሉ አሉ። ቀኑን ሙሉ የዕቃ ዝርዝሩን በቀኝ፣ ደረሰኙን በግራ አድርጋ ለምትሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ይህ የቲማቲም ሻጭን በየማለዳው ከመደቧ እንደ ማፈናቀል ነው። ሊኑክስ ላይ ዌይላንድ የሚባለው ሥርዓት ከናካቴው ለፕሮግራሙ መስኮቱ የቆመበትን ቦታ አይነግረውም፣ ልምረጥ ቢልም አይሰማውም። ሥነ ሥርዓቱን አደንቃለሁ፤ ግን የአንዱን ባለጌ ቅጣት ለሁሉም ማደል ይመስለኛል። ቦታው ይመዝገብ፤ ሲከፈት ግን «ይህ ሰፈር ዛሬም አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ፣ ከሌለ ወደ ቅርቡ ሞኒተር ይምጣ። ዊንዶውስ ለዚህ የተዘጋጀ ጥሪ አለው፤ ቢበዛ ጥቂት መስመር ኮድ ነው።

እስከዚያው የጠፋውን መስኮት ለመመለስ አልት እና ስፔስ፣ ቀጥሎ ኤም፣ ከዚያ አንድ የቀስት ቁልፍ ተጭኖ ማውዙን ማንቀሳቀስ ነው። መስኮቱ ማውዙ ላይ ተለጥፎ ይመጣል፣ ከመናኸሪያ እንደተቀበሉት የገጠር ዘመድ።